የእማማ ውዴ ጥላሸት

ሰሞኑን ጓዳ ሳጸዳ የድሮ ኩራዝ አገኘሁ። ጣቴ ላይ የቀረው ጥላሸት ጋዝ ጋዝ ሸተተኝና እማማ ውዴ ትዝ አሉኝ።

እማማ ውዴ በጃንሆይ ዘመን የአርብ ገበያ ነቃሽ ነበሩ። ቤታቸው ከገበያው ጫፍ፣ አህዮች ከሚታሰሩበት አጠገብ ነው። አርብ አርብ ሴቶች ገብስና ባቄላቸውን ሸጠው ሲያበቁ ደጃቸው ላይ ይኮለኮላሉ፤ አንዷ ግንባሯ ላይ መስቀል፣ ሌላዋ አንገቷን ልትነቀስ። እሳቸው ግን መርፌ ለማንሳት የሚቸኩሉ ሴት አልነበሩም። መጀመሪያ የኩራዝ ጥላሸት በቅቤ ለውሰው በስንደዶ ጫፍ ይስሉና «እስከ አርብ ይዘሽው ክረሚ። ያኔም ከወደድሽው እነቅስሻለሁ» ብለው ይሸኛሉ። ሳምንቱ ሲደርስ ሐሳቧን ለውጣ የምትመጣ አትጠፋም። አይቆጡም፤ አጥበው ሌላ ይስላሉ።

እናቴን በሙሽርነቷ አንገቷን ሦስት ዙር የነቀሷት እሳቸው ናቸው። ለጌጥም ነው፣ እንቅርት እንዳይወጣባትም ነው፤ በእኛ አገር ንቅሳት እንቅርት ይከለክላል ይባል ነበር። እንቅርቱ ግን ወጣ። መስመሮቹም አብረውት ተለጠጡ፣ ደበዘዙ። እናቴ በጠራራ ፀሐይ እንኳ ነጠላዋን ከአንገቷ አታወርድም። አሥራ ሁለት ዓመት ሲሆነኝ ለሁለት ጉዳይ ይዛኝ ሄደች፤ የእሷን አሮጌ ንቅሳት እንዲያድሱላት፣ የእኔን አንገት ደግሞ እንቅርቱ ሳይቀድመን እንዲነቅሱልኝ።

እናቴ የፈለገችው አሮጌዎቹ እንዲጠቁሩላት ነበር። እማማ ውዴ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«እነዚህን ካጠቆርኳቸው እብጠቱን ነው የማሳይብሽ» አሉና ከታችኛው መስመር ጀምረው እስከ ደረቷ አጥንት ትናንሽ መስቀሎች አወረዱላት። ስለው ሲጨርሱ ዓይኔ እውነትም እንቅርቱን ትቶ ወደ መስቀሎቹ ወረደ። ለእኔም ሦስት ዙር ሳሉልኝ። ያን ሳምንት አንገቴን ውሃ አላስነካሁም፤ ሰው ይይልኝ ብዬ ቀጥ ብዬ ስሄድ ከረምኩ።

በአርቡ ተመለስን። የእናቴን ነቅሰው ሲጨርሱ መርፌዎቹን አስቀመጡ።

«ያንቺን የነቀስኩት እኔው ነኝ» አሏት። «ከለከለልሽ?»

እናቴ እጇን ወደ እንቅርቷ ሰደደች።

«ልጅቱን ለጌጥ ካልሽ እነቅሳታለሁ። ለእንቅርት ካልሽ ግን አልዋሽሽም፤ አያስቀርም።»

«ታዲያ ምን ላድርግላት እማማ?» አለች እናቴ።

«አላውቅም ልጄ።»

ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺስ? ወደድሽው?»

እስከዚያ ቀን ስለ አንገቴ እኔን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ሁለቱን አጥበው አንዱን ብቻ እንዲያስቀሩልኝ ነገርኳቸው። ሲነቅሱኝ አመመኝ። እናቴ እጄን ይዛ ከእኔ ይበልጥ አለቀሰች።

ወሬው ገበያውን አዳረሰ። ለእንቅርት ብለው የሚመጡት ሌላ ነቃሽ ፈለጉ፤ የእማማ ውዴ ደጅ በገበያ ቀን እንኳ ጭር አለ። እሳቸው ግን ከቃላቸው ፍንክች አላሉም። ሲያርፉ አገር ለቅቄ ስለነበር አልቀበርኳቸውም፤ ይቆጨኛል።

እንቅርቱ እኔንም አልማረኝም። አምና ንፋስ መውጫ ሆስፒታል ስታከም አንዲት ወጣት ነርስ አንገቴን ዳበሰችና ጣቷን መስመሩ ላይ አቆመች።

«ይህን ለእንቅርት ብለው ነው የተነቀሱት እማማ?»

«የለም» አልኳት። «ለጌጥ ነው። ጠይቀውኝ ነው።»