ማህተሙ ጋ ሲደርስ

ዘርትሁን ፋክስ መላክ ሰልችቷታል። አሰላ መናኸሪያ ጀርባ በከፈተቻት ጽሕፈት ቤት ዕድሜዋን ሙሉ የሰው ጉዳይ ስትልክ ኖራ፣ «ስልክሽ በኢንተርኔት ሆነልሽ» ከተባለች ወዲህ ድካሟ እጥፍ ሆነ። ለወሬ ጥርት ይላል፤ ለፋክስ ግን እምነት የለውም። በድሮው የሽቦ ስልክ ጊዜ ወረቀቱን አስገብታ ዞር ማለት ትችል ነበር። አሁን እሳት ላይ እንደተጣደ ወተት ስትጠብቀው ትውላለች።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ከዲሮ የሚባል የዲክሲስ ገበሬ ሚስቱን ሀሊሜን ደግፎ ገባ። ሀሊሜ ልቧን ታማለች። አዲስ አበባ አንድ ሆስፒታል አልጋ ይዞላታል፤ ማህተም ያረፈበት የሪፈር ወረቀት እስከ ስድስት ሰዓት በፋክስ ካልደረሰ ግን አልጋው ለተረኛ ይሰጣል። በሞባይል የተነሳ ፎቶ አይቀበሉም።

«ማሎ፣ አዴ ዘርትሁን፣ እርስዎ ይድረሱልን» አለ ከዲሮ።

ላከችና ደወለች። «ማህተም የለውም» አለች የወዲያኛዋ ጸሐፊ።

እዚህ አገር ማህተም የለውም ከተባለ መድኃኒቱ አንድ ነው፤ ሄዶ ማስመታት። ዘርትሁንም ማህተሙ የደበዘዘ መስሏት፣ የማሽኑን ነገር ሳታስብ ከዲሮን ሪፈሩን ወደጻፈው ሐኪም መለሰችው። ሮጦ አስመትቶ መጣ። ተላከ። አሁንም «ማህተም የለውም»። ደግሞ ሮጠ። በሦስተኛው የወረቀቱ ግርጌ ጠቁሮ መጣ፤ መቺው ተናዶ ጠረጴዛው እስኪነቃነቅ ነው ያሳረፈው። ሀሊሜ አግዳሚው ላይ ዓይኗን ጨፍና በረጅሙ ትተነፍሳለች።

ያን ስትልክ ዘርትሁን ጆሮዋን ሰጠች። ማሽኑ ጽሑፉን በደህና አለፈ፤ ማህተሙ ጋ ሲደርስ ተንተባተበና ዝም አለ። ያን ጊዜ ገባት። ገጹ ከግርጌው እየተቆረጠ ነው እንጂ ማህተም ጎድሎት አይደለም። ቀለም በበዛ ቁጥር መላኩ ጊዜ ይወስዳል፤ ይሄ መስመር ደግሞ ትዕግሥት የለውም። ማህተም በማህተም ላይ እያስደረበች ነገሩን ያባሰችው ራሷ ናት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። ሰውየውን በከንቱ ማመላለሷ አንገበገባት።

ቀለሙን አደብዝዛ ኮፒ አደረገችው፣ መስመሩ በሩጫ እንዳይሳሳት የማሽኑን ፍጥነት ዝቅ አድርጋ ላከች። ወረቀቱ እየተንፏቀቀ አለቀ። ደወለች።

«ደርሷል፣ ማህተሙም ይታያል» አለች ጸሐፊዋ፣ ከዲሮ እስኪሰማት ድረስ ጮክ ብላ።

«አልሐምዱሊላህ! ተነሺ ሀሊሜ፣ አለቀልን! አዴ ዘርትሁን፣ አላህ ይስጥልን» ብሎ ሚስቱን ሊያነሳ ጎንበስ አለ።

ጸሐፊዋ ግን አልጨረሰችም። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ስድስት ሰዓት እኮ አለፈ፣ እናቴ። አልጋው ለተረኛዋ ተሰጠ። ሌላ ሲገኝ እንደውላለን» አለችና ዘጋች።

ዘርትሁን የስልኩን እጀታ ከጆሮዋ አላነሳችም። ሀሊሜ ባሏን ተደግፋ ሻርፗን እያስተካከለች ፈገግ ብላለች።

«ከዲሮ» አለች ዘርትሁን እጀታውን አስቀምጣ፣ «እስቲ አንዴ ቁጭ በል።»