የወይዘሮ በሚገባ ጥቅል

የፖስታ ቤቱ የአቤቱታ መስኮት ሠራተኛ እውነተኛ ስሟ ከሠራተኞች መዝገብ ሌላ የትም አይነሳም። ደንበኞች ያወጡላት ስም «ወይዘሮ በሚገባ» ነው። ለሃያ ሁለት ዓመት ዕቃው ለጠፋበት፣ ለተሰበረበት፣ ተከፍቶ ለተበረበረበት ሰው ሁሉ የጻፈችው መልስ አንድ ነው፤ «ጥቅልዎ ከእኛ ዘንድ በሚገባ ታሽጎ ወጥቷል።» ስድስት ሆነው ተልከው ስልሳ ሆነው የደረሱት የሸክላ ስኒዎች በሚገባ ታሽገው ወጥተዋል። የእጅ ሰዓት ተልኮ ሳጥኑ ውስጥ ጠጠር ከተገኘም፣ ጠጠሩ በሚገባ ታሽጎ ወጥቷል።

ከመቀመጫዋ ጀርባ ያለው በር ወደ መለያ ክፍል ይከፈታል። በዚያ በር ያላየችው ጉድ የለም። «ተሰባሪ ዕቃ» የሚል ቀይ ወረቀት የተለጠፈበትን ጥቅል ሠራተኞቹ ከሩቅ ይወረውሩታል፤ ወረቀቱ ዒላማ ለማስተካከል ሳይረዳቸው አይቀርም። «ውድ ዕቃ» የተባለውን ግን አይወረውሩትም። እሱን ቀስ ብለው ያነሱታል፣ በእጃቸው ይመዝኑታል፣ ጆሯቸው ሥር ያንቀጫቅጩታል፣ ከዚያ አቅፈው ወደ ጥግ ይዘውት ይሄዳሉ። ፖስታ ቤቱ ለዕቃ አይጠነቀቅም የሚል ሰው ይህን አላየም።

ስለዚህ ወይዘሮ በሚገባ የራሷን ነገር በፖስታ ልካ አታውቅም። ለእህቷ የምትልከው መድኃኒትም ይሁን ሹራብ በምታውቀው የአውቶቡስ ሹፌር እጅ ነው የሚሄደው። ደንበኛ ሲጠይቃት ግን ዓይኗን በጨው ታጥባ «ከእኛ የበለጠ አስተማማኝ ከየት ይመጣል?» ትላለች።

ታላቅ እህቷ የአንድ ቀን መንገድ ርቃ የምትኖር የአንደኛ ክፍል አስተማሪ ናት። ጆሮዋ ከደከመ ቆይቷል፤ የምታስተምረው በመስሚያ መሣሪያ ነበር። መሣሪያው ተበላሸባትና ትምህርት ቤት ሲዘጋ እንድታስጠግንላት ወደ ታናሿ ላከችው። ርዕሰ መምህሩም አስጠንቅቋታል። ሰኞ ትምህርት ሲጀመር ተማሪዎቿን የማትሰማ ከሆነ ክፍሏን ለሌላ ሰጥቶ እሷን መጻሕፍት ግምጃ ቤት ሊያስገባት ነው። ሠላሳ ዓመት ልጆችን ፊደል ያስቆጠረች ሴት መደርደሪያ ልትቆጥር ነው ማለት ነው።

መሣሪያው ተጠግኖ ሲያልቅ ሹፌሩ መስመር ቀይሮ ጠበቃት። ራሷ ይዛው ለመሄድ ፈቃድ ብትጠይቅ ኃላፊው የአቤቱታውን ክምር በጣቱ አሳያት። የቀራት ያው ፖስታ ነበር። እልህ ያዛት። የእነሱን ተንኮል ከእኔ በላይ ማን ያውቀዋል አለች።

መሣሪያውን በሕፃን ካልሲ ጠቀለለችው። ካልሲውን የልብስ ቁልፍ በሞላው የብስኩት ቆርቆሮ መሐል ቀበረችው። ቆርቆሮውን በፕላስተር ሦስት ዙር አሠረችና፣ ማንም ቢከፍተው እንዲታወቅ ፕላስተሩ በተጋጠመበት ሁሉ ፈረመችበት። የይዘት መግለጫው ቅጽ ላይ «ያገለገሉ የልብስ ቁልፎች» ብላ ሞላች። አሮጌ ቁልፍ የሚሰርቅ ሌባ ገና አልተወለደም። በብልጠቷ ተደስታ፣ ሰው ሁሉ እንደኔ ቢያስብ ኖሮ አቤቱታ የሚባል ነገር ባልኖረ አለች።

ቀናት አለፉ፤ ጥቅሉ አልደረሰም። እህቷ በስልክ መልእክት በጠየቀቻት ቁጥር «በመንገድ ላይ ነው» ብላ ጻፈችላት። ለደንበኛ የለመደችው መልስ ለእህትም አላስቸገራትም።

በዘጠነኛው ቀን፣ ረቡዕ፣ ከፍተሻ ክፍል አንድ ወረቀት ጠረጴዛዋ ላይ አረፈ። የልብስ ቁልፍ ተብሎ በተመዘገበ ጥቅል ውስጥ ባትሪ ያለው ነገር በፍተሻ ማሽን ታይቷል፤ ጥቅሉም ከመጠን በላይ ስለታሸገ አጠራጥሯል፤ ስለዚህ ስልሳ ቀን ይያዝ ይላል። አልተሰረቀም፣ አልተሰበረም፣ አንድ ጊዜም አልተወረወረም። ፖስታ ቤቱ በሃያ ሁለት ዓመት አንዴ ሥራውን በትክክል ቢሠራ እሷ ላይ ሆነ። እጇ ልማዱን አልተወምና ንጹሕ ወረቀት ስባ «ክብርት ደንበኛችን» ብላ ለራሷ መልስ መጻፍ ጀመረች። የነቃችው «በሚገባ» የሚለው ቃል ላይ ስትደርስ ነው።

ደንቡን ያወጣችው ራሷ ናት። ከሦስት ዓመት በፊት አቤቱታ የሚቀንስበትን ዘዴ አምጡ ሲባል፣ የተሞላውና የተገኘው ያልተመሳሰለበት ዕቃ ስልሳ ቀን ይያዝ፣ ላኪው ራሱ ቀርቦ ውሸት መሙላቱን በኃላፊ ፊት በቃሉ ካላመነም ከዚያ በፊት አይለቀቅ ብላ ሐሳብ አቀረበች። ላኪው የመሥሪያ ቤቱ ሠራተኛ ከሆነ ደግሞ ከቦታው ተነሥቶ መለያ ክፍል ይግባ ብላ ጨመረችበት፤ ለማሳመሪያ። ውሸታም ነኝ ሊል የሚመጣ ሰው ጠፍቶ አቤቱታው በግማሽ ቀነሰ። እሷም የምስጋና ወረቀት ተሰጣት።

አዲሱን የፍተሻ ሠራተኛ ለብቻው አግኝታ ለመነችው።

«እባክህ ወንድሜ፣ ይቺን አንዲት ጥቅል እንዳላየህ ሁንልኝ።»

«ኧረ እትዬ፣ ደንቡን እኮ ያወጡት እርስዎ ነዎት» አላት፣ ከልቡ ተጨንቆ። «ስልጠና ላይ ተምረነዋል። ፈተናም ወጥቶብናል።»

ኃላፊው ዘንድ ገብታ ማመን ነበር የቀራት። ያ ማለት ደግሞ ወንበሯን ትታ ከነዚያ ወርዋሪዎች ጋር መዋል ነው። ሐሙስን ነገ እያለች አሳለፈችው።

ዓርብ ጠዋት ከሰልፉ መጀመሪያ ላይ የቆመችውን ሴት ቀና ብላ ስታያት ክው አለች። እህቷ ናት። ሌሊቱን በአውቶቡስ ስትናጥ አድራ ዓይኗ ቀልቷል። የማስተማሪያ ነጭ ጋውኗ ታጥቦና ተተኩሶ በፌስታል ክንዷ ላይ ተንጠልጥሏል።

ወይዘሮ በሚገባ ቶሎ ብላ «ችግር አጋጥሞ ነው፣ ቤት እንነጋገራለን» የሚል ብጣሽ ወረቀት በመስታወቱ ሥር አሾለከችላት። እህቷ ሳታነበው መልሳ ገፋችው።

«ያንቺን ጽሑፍ ጠግቤያለሁ» አለች፣ የራሷ ድምፅ ስለማይሰማት አዳራሹን ሞልታ። «አሥራ አንድ ጊዜ በመንገድ ላይ ነው አልሽኝ። መንገዱን ይኸው መጣሁበት፤ የለም። ተናገሪ።»

«እዚሁ ነው እትዬ፣ ተይዞ ነው» አለች በሹክሹክታ፣ በግማሽ የተከፈተውን የኃላፊውን በር እያየች።

«ምን? ጮክ በይ እንጂ፣ ጨርሼ እኮ አልደነቆርኩም።»

ቀጥሎ የተሰለፉት ሽማግሌ ሊረዱ ገቡ። ወደ እህቷ ጆሮ ጠጋ ብለው «እዚሁ ነው እያለች ነው» ብለው ጮኹላት።

«እዚሁ ከሆነ ለምን አትሰጠኝም?»

«ለምን አትሰጫትም?» አሉ ሽማግሌው ዞረው።

ወይዘሮ በሚገባ ጋውኑን አየችው። እህቷ ያን ጋውን አጥባና ተኩሳ ይዛው የመጣችው፣ መሣሪያው እንደሚገኝ ስላመነቻት ነው። አፈረች። በሥራ ዘመኗ ሁሉ ብዙ ሰው አልቅሶባት እንዲህ አፍራ አታውቅም። ተነሥታ አፏን ወደ መስታወቱ ቀዳዳ አስጠጋችና ጮኸች።

«ውሸት ሞልቼ ነው እትዬ። የልብስ ቁልፍ ነው ብዬ ነው የላክሁት። ይሰርቁታል ብዬ ፈርቼ ነው። ይሰርቃሉ፣ ይወረውራሉ፣ ሲያደርጉም አያለሁ። እያየሁ በሚገባ ታሽጎ ወጥቷል እያልኩ እጽፋለሁ። ሃያ ሁለት ዓመት እንዲህ ስጽፍ ኖሬያለሁ።»

ኃላፊው ቅጽ ይዞ ከቢሮው ወጣ። በቃሏ ማመኗን፣ እሱም ፊቷ መቆሙን አረጋግጦ አስፈረማት።

«ከሰኞ ጀምሮ መለያ ክፍል ነሽ» አላት። «የዛሬዎቹን ደንበኞች ጨርሺ።»

የፍተሻው ሠራተኛ ቆርቆሮውን በሁለት እጁ ይዞ መጣ። ጭረት እንኳ አልነካውም። ሦስቱን ዙር ፕላስተር ለመላጥ የሽማግሌው ሰንጢ አስፈለገ። እህቷ ቁልፎቹን ጫር ጫር አድርጋ ካልሲውን አወጣች፣ መሣሪያውን ጆሮዋ ውስጥ ከተተች፣ መሥራቱን በፉጨት ሲያስታውቅም ፊቷ በራ።

ሽማግሌው የታጠፈ ደብዳቤ ከደረት ኪሳቸው አውጥተው መስታወቱ ሥር ዘረጉት። ከወር በፊት ወይዘሮ በሚገባ ራሷ የጻፈችላቸው መልስ ነው።

«እስቲ አሁን የእኔን ንገሪኝ» አሉ። «ለእኔ እንኳ መጮህ አያስፈልግሽም ልጄ፣ ጆሮዬ ደህና ነው።»

ከኋላቸው ያለው ሰልፍ ሁሉ ይጠብቃል። እህቷም አልሄደችም። መሣሪያዋን በጣቷ አስተካክላ፣ ልትሰማ ከሽማግሌው ጎን ቆመች።