ከዶቨር እስከ ቸስተርሚር፣ በሦስት ጎማ

የተነሳሁት ጽጌን ለማየት ነው። ሌላ ምክንያት አልነበረኝም። ጽጌ በዚህ በሰው አገር፣ ዶቨር በሚባለው ሰፈር አራት ዓመት ሙሉ ጎረቤቴ ነበረች፤ ጠዋት የልጆቻችን መኪና ከደጅ እንደወጣ መስኮቴን መታ መታ አድርጋ "አለሽ?" የምትለኝ እሷ ነበረች። ባለፈው በረዶ ልጇ ቸስተርሚር የምትባል ከተማ፣ ሐይቅ ዳር አዲስ ቤት ገዛና ይዟት ሄደ። ቸስተርሚር በመኪና ሃያ ደቂቃ ናት፤ አውቶቡስ ግን አይደርስባትም። እኔ መኪና አልነዳም፣ ልጄ አስቴር ሺፍት ናት፣ ፈረቃዋ ቀንም ሌሊትም፣ የልጅ ልጄ ሄለን ደግሞ ከትምህርት ወደ ሥራ፣ ከሥራ ወደ ትምህርት። ሃያ ደቂቃው ባሕር ማዶ ሆነብን።

በስልክ ድምፅዋ እየቀጠነ ሄደ። አንድ ቀን "ለምን ወጣ ብለሽ ነፋስ አትቀበይም?" አልኳት።

"ወጥቼ ነበር። ስመለስ ቤቱ ጠፋኝ፤ ሁሉም ግራጫ፣ ሁሉም አንድ ዓይነት። የሰው በር አንኳኩቼ የማላውቀው ፂማም ብቅ አለ። ከዚያ ወዲህ እግሬን አላወጣሁም።"

ልስቅ ከጅሎኝ ነበር። እሷ ግን አልሳቀችም። አምስት ወር ሙሉ ከቤት አልወጣችም ማለት ነው።

ሚያዝያ

በረዶው እንደለቀቀ ሄለን ፔንብሩክ ሜዶውስ የሚባል ሰፈር ጋራዥ ሴል ይዛኝ ሄደች። ሰዎቹ የማይፈልጉትን ዕቃ ደጃቸው ላይ ደርድረዋል። ከድስትና ከአምፖል መሐል አንዲት ቀይ ብስክሌት ቆማለች፤ ከፊት አንድ ጎማ፣ ከኋላ ሁለት ጎማና ሰፊ ቅርጫት ያላት። አርባ ዶላር አሉ። ሄለን ለሳቅ ብላ ነበር ያሳየችኝ፤ እኔ ወጥቼ ተቀመጥኩባት።

አስቴር ማታ ስታያት እጇን አናቷ ላይ ጫነች። "እማዬ፣ በስድሳ ሦስት ዓመትሽ ልትወድቂ ነው?"

"ሦስት እግር ያለው በርጩማ ሲወድቅ አይተሽ ታውቂያለሽ?"

በማግስቱ ሱቅ ወሰደችኝ። ሄልሜት የሚሉትን የራስ ቆብ አስገዛችኝ።

ከዶቨር በታች የመስኖ ቦይ አለ። ከቦው ወንዝ ተጠልፎ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ገበሬው ማሳ የሚሄድ ነው፤ ዳር ዳሩን የብስክሌት መንገድ ተሠርቶለታል። መጨረሻው የት እንደሆነ ሄለንን ብጠይቃት፣ "ቸስተርሚር ሌክ ነው የሚገባው" አለችኝ። ከዚያ በኋላ መንገድ የጠየቅኩት ሰው የለም። ፊደል የቆጠርኩት ታላቅ ወንድሜ ሲያጠና ከጀርባው ቁጭ ብዬ ነው፤ ለእንግሊዝኛ ምልክት የሚሆን ትምህርት አልደረሰኝም። ውሃ መከተል ግን ማንንም አስተማሪ አይጠይቅም።

በሚያዝያ ቦዩ ደረቅ ነው፤ ጭቃ፣ ፌስታል፣ አንድ የተገለበጠ የሱቅ ጋሪ። ጉልበቴን እያባበልኩ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ሄድኩ። በግንቦት አንድ ጠዋት ከበስተኋላዬ ሹክሹክታ የመሰለ ነገር ሰማሁ። ዞር ስል ውሃው እየመጣ ነው! የዓመቱ ውሃ ያን ቀን ተለቆ ኖሯል፤ ቅጠሉንና አረፋውን ከፊቱ እየገፋ፣ በሰው እርምጃ ልክ ቀስ ብሎ ይመጣል። ጎን ለጎን ሄድን። አንድ ድልድይ ጋ ስንደርስ ቀደመኝ።

ሰኔ እና ሐምሌ

በሰኔ ብስክሌቷን ወደ ወንዙ አዞርኳት። በቦው ዳር ያሉት ትልልቅ ዛፎች በዚያ ወር ባዘቶ የመሰለ ነጭ ነገር ያራግፋሉ፤ መንገዱ ላይ ተነጥፎ ፈታይ የሚጠብቅ ይመስላል። መንገዱ ሰው የሚበዛበት ነው። ከኋላዬ የሚመጣው ሁሉ ደወሉን ያቃጭላል፤ እኔም ደስ ብሎኝ ወርጄ እየቆምኩ፣ ራሴን ዝቅ አድርጌ፣ "ደህና ዋላችሁ" እላለሁ። ያገኘሁትን እግረኛም እንዲሁ በደወል ሰላም አልኩ። አንዳንዱ ሣሩ ውስጥ ይዘላል። ሦስት ሳምንት እንዲህ ከርሜ ሄለን አብራኝ ስትወጣ አየችና አፈረች።

"እማማ፣ ቤሉ ሰላምታ አይደለም። ልለፍ ማለት ነው።"

"ታዲያ ሰላም ሳይባባል ይተላለፋል?"

"የስ!"

እኔ ግን እስካሁን ድረስ ሁለቴ ነው የምደውለው፤ አንዱ ለማለፍ፣ አንዱ ለሰላምታ።

በሐምሌ የከተማው ቤት እስከሚያልቅበት ደረስኩ። እዚያ ቆሜ ማሳውን ሳይ ዓይኔን አላመንኩም፤ እስከ ሰማዩ ጫፍ ቢጫ። ወርጄ አንዷን አበባ በጥርሴ ነካ አደረግኳት። ጎመን ዘር ነው! እነሱ ሌላ ስም አውጥተውለት ዘይቱን በጠርሙስ ይሸጡታል። የማውቀው ሰው ባላሰብኩት አገር እንዳገኘሁ ሁሉ ብቻዬን ሳቅኩ። ጽጌ ጋ ለመድረስ ከዚህ ወዲያ ያለው ሜዳ ብቻ ነው የቀረኝ።

መስከረም

ጽጌ ጋ በብስክሌት ልሂድ ስላት አስቴር በግድ ነው እሺ ያለችው። አንድ ጊዜ ብቻ፤ ሄጄ ሄለን በመኪና ልትመልሰኝ። "ከጠፋሽ ግን ብስክሌቷ ትሸጣለች" አለች። ሄለንን ጠርቼ "አስር ሰዓት ጽጌ ቤት ነይ" አልኳት። "ኦኬ፣ አስር" አለች።

ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተነሳሁ። ቅርጫቱ ውስጥ ድፎ ዳቦ በጨርቅ ጠቅልዬ፣ ውሃና ጎማ መንፊያም ጨምሬ ያዝኩ፤ የእጅ ስልክ የለኝም። ነፋሱ ከተራራው በኩል ነው፤ ጀርባዬ ላይ እጁን አድርጎ ይገፋኛል። የዛፉ ቅጠል ወርቅ ሆኗል። ቤቶቹ ካለቁ በኋላ መንገዱ ጠጠር ስለሆነ ጥርሴ እየተንቀጫቀጨ ነው የነዳሁት። ዝይዎች መንገዱን ዘግተው ቆመው ደውዬም አልተነሱም፤ ወርጄ በእግሬ ዞርኳቸው። ወደ ኋላ ሳይ ተራሮቹ አዲስ በረዶ ለብሰዋል።

ቦዩ ዳር ዓሣ የሚያጠምድ ሽማግሌ አገኘሁ። በእጄ ወደ ፊት እያሳየሁ "ቸስተርሚር!" አልኩት። ብስክሌቷን አየ፣ እኔን አየ፣ ባርኔጣውን አነሳና "ጎ፣ ጎ!" አለኝ። ከድፎው ቆርሼ ሰጠሁት። ትንሽ ወረድ ብዬ እኔም አረፍኩ፤ ከጉድጓዳቸው ብቅ እያሉ እንደ ዘበኛ ቀጥ ብለው የሚቆሙትን እንስሳት ሳይ አንድ ሰዓት ሄደብኝ መሰለኝ። ምን ቸኮልኩ?

ሐይቁ ብልጭ ማለት ሲጀምር መንገዱ ላይ ነጠላ የለበሰ ሰው ወደ እኔ ሲሮጥ አየሁ። ጽጌ ናት። አንድ እግሯ ላይ የራሷ ነጠላ ጫማ፣ አንዱ ላይ የልጇ።

"በላይነሽ! በሕይወት አለሽ?"

"ምን ሆኜ?"

"ጠፋሽ ተብሎ! ሄለን መጥታ፣ ነይ ባለችኝ ሰዓት መጣሁ፣ እማማ የለችም ብላ እያለቀሰች! ሰዓቱን የጠየቀ ማን አለ፣ ብድግ ብዬ ወጣሁ።" ትከሻዬን መታችኝ፣ መልሳ ሳመችኝ፣ እንደገና መታችኝ።

ተያይዘን ወደ ሰፈሯ ገባን። ግራጫ ቤት በግራ፣ ግራጫ ቤት በቀኝ።

"የቱ ነው ቤትሽ?"

ቆመች። እጇን አፏ ላይ አደረገች። "እኔ እንጃ።" ዓይኗ እንባ ሊያቀርር ሲል ድንገት ያዘችኝ። "ቆይ! በሩን ሳልዘጋው ነው የወጣሁት!"

የተከፈተ በር እየፈለግን ሄድን። በሁለተኛው መንገድ ላይ አንድ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። ስታየው እንደ ልጅ አጨበጨበች።

ሄለን በመኪና ስትፈልገኝ ቆይታ ደረሰች። "ኦ ማይ ጋድ፣ እማማ! አስር ብለሽኝ ቴን ላይ መጣሁ!"

"አስር ነዋ ያልኩሽ።"

"አስር እኮ ቴን ነው!"

"ሲቆጠር ነው እንጂ! በሰዓት ቴን አራት ነው።"

"ሁ ሴዝ? ማን ነው ያለው?"

"እኛ!" አልን ከጽጌ ጋር እኩል።

ሄለን ደውላላት ኖሮ አስቴር ከሥራ ዩኒፎርሟን እንደለበሰች ደረሰች። ነገሩን ሰምታም ቁጣዋ አልበረደም። "ጠፋችም አልጠፋችም፣ ይህች ብስክሌት ዛሬ አበቃላት" ብላ ወደ መኪናው ጎተተቻት። በኋላ በር ሞከረች፣ በጎን ሞከረች፣ ገለበጠቻት። ሦስት ጎማ የትኛውም መኪና ውስጥ አይገባም፤ አራታችንም ይህን አላሰብነውም። በመጨረሻ አስቴር ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ መሳቅ ጀመረች።

"እኔ ጋ ትቆይ" አለች ጽጌ። "ምግብ አትበላ።"

ስንመለስ በመኪናው መስኮት ቦዩን አየሁት። በሃያ ደቂቃ ዶቨር ገባን፤ አንድም ዝይ አላየሁም። "ደከመሽ?" አለችኝ አስቴር። አልደከመኝም። በሩን ስትከፍትልኝ "ቅዳሜ ቅዳሜ እኔ እወስድሻለሁ" አለች፤ ቃሏንም ጠበቀች። ከጉዞው የተማርኩት ብዙ አይደለም፤ ሰው የሚርቀው በመንገዱ ርዝመት ሳይሆን "ሲመቸኝ እሄዳለሁ" ሲባል ነው። ደግሞም ቀጠሮ ስትሰጡ በማን ሰዓት እንደሆነ ተናገሩ።

ጥር

በረዶው ወርዶ ብስክሌቷ ጽጌ ጋራዥ ውስጥ ከረመች። በጥር አንድ ጠዋት ሺኑክ የሚሉት ሞቃት ነፋስ ከተራራው ወረደና በረዶውን በግማሽ ቀን አቀለጠው። ስልኩ ጮኸ። ጽጌ ናት፣ ቁና ቁና እየተነፈሰች።

"በላይነሽ፣ ቶሎ ንገሪኝ። ይህች ነገር በምንድን ነው የምትቆመው?"

"ወጥተሽባት ነበር እንዴ?"

"ሐይቁን ይዤ ሄጄ ነበር። መቆሙ ሲያቅተኝ የጎረቤት አጥር አቆመልኝ።"

"ፔዳሏን ወደ ኋላ ርገጪ፤ ትቆማለች።"

"ወደ ኋላ?" አለች። "እሺ። ቆይ፣ ሞክሬው ልደውልልሽ" ብላ ዘጋችው።

እስኪመሽ አልደወለችም፤ ውጭ ስትነዳ ነበር የዋለችው።