አባባ ያልጨረሳት የኤሊ ተረት

የስምንት ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ ጂንካ ዳር በነበረችው ሣር ቤታችን፣ አባቴ ከእራት በፊት እሸት በቆሎ ፍሙ ላይ እያገላበጠ ተረት ያወራልን ነበር። ያኔ የኩራዙ ጭስ አፍንጫችንን እያጠቆረው፣ እኔ አፌ መዝጊያ የሌለው ልጅ፣ ተረቱን ከአፉ እየነጠቅሁ አስቀው ነበር።

አንድ ጠዋት እንሰቱ መሀል ወድቆ አገኘነው። ቀኝ እጁና እግሩ አልታዘዝ አሉ፤ ምላሱ ተሳሰረ። ጎረቤታችን ጋሽ ማሞም እንዲሁ ግማሽ ጎኑን መትቶት በሦስተኛው ወር ገበያ ስለወጣ፣ አባባም ይነሳል ብለን ጠበቅን። ወር ሄደ፣ ወር መጣ። እናቴ ስታጥብ፣ ስታጎርስ፣ ስታገላብጥ ሳቋ አለቀ። ጠያቂው ሁሉ ማሞ እኮ ጨክኖ ነው የዳነው፣ አንተ ሰነፍክ ይለዋል። አባባ ሁሉንም ይሰማል።

በእኛ ቤት የታመመ ሰው ማድከም ነውር ነው። ስለዚህ ገና አፉን ሲከፍት ተሽቀዳድመን ቃሉን እንጨርስለታለን። ቀዳሚዋ እኔ ነበርኩ፤ ጎበዝ ስባል ደስታዬ ልክ አልነበረውም።

አንድ ምሽት ከዚያ በፊት ነግሮን የማያውቀውን ተረት ጀመረ። አገር ደርቆ ኤሊ ኦሞ ወንዝ ድረስ ወረደች። ይህችን እስኪል ፍሙ አመድ ለበሰ።

«ኤሊ... ወንዙን...»

«ጠጣችው» አልኩ። አይደለም በሚል ራሱን ነቀነቀ።

«ተሻገረችው።» አሁንም ነቀነቀና በግራ እጁ አፌን ያዘኝ።

«ቆይ... ልጄ። እዚህ... አለ» ብሎ ግንባሩን ነካ።

እናቴ ላቡን አይታ፣ ደክሞታል፣ ነገ ይጨርሳል ብላ ወደ መደቡ ወሰደችው። በማግስቱ ብንለምነው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ዳግመኛ ተረት አልሞከረም። በዓመቱ፣ በዝናቡ ወራት አረፈ።

ቅርብ ጊዜ ሐኪም ቤት የምትሠራውን የእህቴን ልጅ፣ ለምን ማሞ ድኖ አባባ ቀረ ብዬ ጠየቅኋት።

«አክስቴ፣ አንጎል ውስጥ አንዱን ቦታ ካንዱ የሚያገናኙ ነጫጭ ክሮች አሉ። የደም ግፊት ሰውየው ሳያውቀው ለዓመታት ይበላቸዋል። ወደ ሃና ከተማ የሚወስደው መንገድ በዝናብ ሲቆረጥ መኪናው በጎን ይዞር የለ? የጎኑም ቀድሞ ከተበላሸ ግን ጭነቱ እያለ አይደርስም። የአያቴም እንደዚያ ሳይሆን አይቀርም። ስንፍና አይደለም።»

ታዲያ ምን ይደረግ ነበር አልኳት። ግፊቱን መታከም፣ እጅ እግሩን ማለማመድ፣ ሲናገር ደግሞ ዝም ብሎ መጠበቅ፤ ሙሉ ባያድነውም ትንሽ ያግዘው ነበር አለችኝ።

ዝም ብሎ መጠበቅ። እኔ ዛሬም ጯሂ ነኝ፤ የወንድሞቼን ልጆች ሰብስቤ ቤቱን በሳቅ አናጋዋለሁ። የኤሊዋንም አወራላቸዋለሁ፤ ወንዙ ጋ ስደርስ ግን ድካም ይጫነኛል። አንድ ቀን ጠጣችው እላለሁ፣ ሌላ ቀን ተሻገረችው። ልጆቹ ሁለቱንም ያምኑኛል። ሁለቱም እንዳልሆነ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ።