ያልተሰጠው ስም

ወጣ! አልሐምዱሊላህ፣ ወጣ! ዛሬ ረፋድ ላይ፣ በገዛ እግሩ፣ የተጠቀለለ ብርድ ልብስ በብብቱ ሸጉጦ ከሚሴ መናኸሪያ ከሚኒባስ ሲወርድ በዓይኔ አይቼዋለሁ። ሰምቼ አይደለም፤ አይቼ ነው። ከመውጣቱም የሚበልጥ ሌላ የምሥራች አለኝ፤ እሱን ግን ቀስ ብዬ።

ማን እንደወጣ አልነገርኳችሁም ለካ! መርፌው ላይ ክር ሳያስገቡ መስፋት ማለት ይኼ ነው።

የወጣው ሙሀመድኑር ነው፣ ሬዲዮ ጠጋኙ። ሱቁ ከእኔ ልብስ ስፌት ቤት ጋር በአንድ የጭቃ ግድግዳ ይዋሰን ነበር። ግድግዳው ስስ ስለሆነ እሱ ሬዲዮ ሲሞክር እኔም ዜና ሰማሁ ማለት ነው። ከጥገናው ጎን ለጎን አዲስ አበባ ለሚታተም አንድ የግል ሳምንታዊ ጋዜጣ የአካባቢያችንን ዜና ይልክ ነበር። በዚሁ ጦስ ሁለት ዓመት ከአራት ወር ታስሮ ነው ዛሬ የተፈታው።

ዜና የተማረው ከትምህርት ቤት አይደለም። አባቱ የሰንበቴ ከብት ገበያ ደላላ ነበሩ፤ ከአፋሮች ጋር ሲገበያዩ ኖረው ከአፋሮች ጋር ያረጁ። አፋሮች ዳጉ የሚሉት ደንብ አላቸው። ሁለት መንገደኞች ሲገናኙ ግመላቸውን አቁመው ይቀመጡና ወሬ ይለዋወጣሉ። ያዩትን አየሁ ይላሉ፤ የሰሙትን ደግሞ ከማን እንደሰሙት ስሙን ይጠራሉ። ባለቤቱ ያልታወቀ ወሬ እንደ ጠፋ ከብት ነው፤ ማንም አይነካውም። ሙሀመድኑር ልጅ ሳለ አባቱ “ማል ሃራ?” ይሉታል፣ ምን አዲስ ነገር አለ? “ቆላው ዘንቧል አሉ” ካለ “ማን አለ?” ይሉታል። ስም ካልጠራ አባትየው ፊታቸውን አዙረው ከበሬያቸው ጋር ማውራት ይጀምሩ ነበር። ይህን የነገረችኝ እናቱ ፋጡሜ ናት።

ጋዜጣው ላይ ሲጽፍም ይህንኑ ደንብ ይዞ ነው የገባው። ዜናውን ከቴሌ ቢሮ በስልክ ነበር የሚያነበው፤ መስመሩ ስለማይሰማ እየጮኸ። ተራ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ ጋዜጣው ሳይታተም ሰምቶት ያድራል። “ሙሀመድኑር፣ ሁለተኛዋን መስመር ድገማት፣ አልሰማናትም!” እያሉ ይቀልዱበት ነበር።

በ1995 ዓ.ም. ድርቁ ሲበረታ የእርዳታ ስንዴ የሚከማችበት አንድ መጋዘን ነበር። ዘበኛው አብዶ ይባላል፤ ረዥም፣ ተረበኛ፣ የሙሀመድኑር የልብ ወዳጅ። አንድ ጁምዓ ቀን፣ ከተማው በሙሉ መስጊድ ሳለ፣ አንድ የጭነት መኪና መጥቶ ስንዴውን ጭኖ ሄደ። ለተራበ ሰው አይደለም፤ ለነጋዴ ነው። ያየው አብዶ ብቻ ነበር። ለሙሀመድኑር ነገረው። ሙሀመድኑርም ጽፎ ሲያበቃ፣ “ሰዒዳ፣ ስሚ እስቲ!” ብሎ በግድግዳው ማዶ አነበበልኝ። መጨረሻው እንዲህ ይላል፦ “ይህን በዓይኑ አይቶ የነገረኝ የመጋዘኑ ዘበኛ አብዶ ነው። አብዶ ዋሽቶ አያውቅም።”

“ማሻአላህ፣ አሳምረኸዋል” አልኩት። ዛሬ ሳስበው ይሰቀጥጠኛል። እሱ ግን ያከበረው መስሎት ነው። በዳጉ ደንብ የወሬውን ባለቤት ስም መደበቅ እንደ ስርቆት ነው። እኔም ያደግኩት እዚሁ አገር ነውና ምንም አልከነከነኝም። የጋዜጣው አዘጋጅም እንዳለ አተመው።

ጋዜጣው ከሚሴ በደረሰ በሦስተኛው ቀን አብዶ ታሰረ። ስንዴውን የጫነው አይደለም የታሰረው፤ ሲጫን ያየው ነው። “የመሥሪያ ቤት ምስጢር አውጥተሃል” ተብሎ አምስት ወር ተቀመጠ፤ ሥራውንም አጣ። የተፈታ ዕለት በቀጥታ የመጣው ወደ ሙሀመድኑር ሱቅ ነው። እኔ ደጃፌ ላይ ቆሜ አያለሁ።

“አሰላሙ አለይኩም፣ ጋዜጠኛው!” አለ አብዶ ገና ከደጅ።

“ወአለይኩም ሰላም፣ አብዶዬ…”

“ዜና ይዤልህ መጣሁ። እስክሪብቶ አለህ?”

ሙሀመድኑር አቀረቀረ።

“ጻፍ እንጂ! ዛሬ ጠዋት አብዶ ደረቅ ቂጣ በላ። ይህን በዓይኑ ያየው አብዶ ነው። አብዶ ዋሽቶ አያውቅም።”

“አፉ በለኝ ወንድሜ። እኔ እኮ ላከብርህ ብዬ…”

“አክብረኸኛል እንጂ! አምስት ወር ሙሉ ጠዋት ጠዋት ለቆጠራ ስሜን ከነአባቴ ሲጠሩት ነበር።”

ሽማግሌ ተላከ፣ ዱዓ ተደረገ። አብዶ በሦስተኛው ምልልስ አፉ አለ። ሲነሳ ግን ጋቢውን እያጣፋ፣ “ይቅርታዬን ውሰድ” አለው፤ “ስሜን ግን ገና አልመለስክልኝም። ሌላ ሰው ባመነህና ጭንቅ ላይ ሆነህ ስሙን በደበቅክለት ቀን ነው የኔንም የምትመልሰው።” ከዚያ ጓዙን ጠቅልሎ ጨፋ ሮቢት ገባ። ከሚሴን ተመልሶ አልረገጣትም።

ከዚያ ወዲህ ሙሀመድኑር ሌላ ሰው ሆነ። ዜና ከመላኩ በፊት ሦስቴ አራቴ ያነባል፤ ስም ካለ ይሰርዛል፤ ከስሙ አልፎ ሰውየውን የሚያስጠረጥር ነገር ካለ እሱንም ይሰርዛል። አንድ ባለካሬ ደብተርም ገዛ። የሚጠግነውን ሬዲዮ ሲሞክር በየአገሩ ስለተገደለ ጋዜጠኛ ከሰማ ስሙን ይጽፋል፤ ከጎኑ አገሩን፣ ከሥሩ ደግሞ ከየትኛው ጣቢያ እንደሰማው። ዳጉ ከደሙ አልወጣማ!

“ዛሬ ደግሞ ማን ነው?” እለዋለሁ ከማዶ።

“አንዱ ፊሊፒንስ ነው። አንዱ ሜክሲኮ፣ መኪናው ውስጥ። ይቺ ደግሞ ሩሲያ፣ ደጃፏ ላይ። ይህ ሶማሊያ ነው፤ ከሬዲዮ ጣቢያው ሲወጣ ጠብቀው ገደሉት።”

“የሰው አገር ለቅሶ ምን አገባህ አንተ?”

“ለቅሶው ላይ ባልደርስ ስሙን እንኳ ልጻፍለት፣ ሰዒዳ።”

ደብተሩ ሞልቶ ሁለተኛ ገዛ። እኔ መሳቁን ተውኩ።

በ2002 ማብቂያ ላይ የጨፋ ግጦሽ ነገር መጣ። ከብቱ በበጋ የሚሰማራበት ሜዳ ለአንድ ባለሀብት ተሰጠና “ገበሬው ተስማምቷል” ተባለ። ለዚህም ቃለ ጉባኤ ነበረው። አንድ ሰው የቃለ ጉባኤውን ግልባጭ በስውር ለሙሀመድኑር ሰጠው። በአውራ ጣታቸው ከፈረሙት ገበሬዎች መካከል ሰባቱ ሙታን ናቸው! አንደኛው እንዲያውም ከተቀበሩ አሥራ አንድ ዓመታቸው ነበር። ጋዜጣው ሲደርስ ከተማው “ቂያማ ሳይደርስ ሙታን ለስብሰባ ተነሱ” ብሎ ሳቀ። በዚህኛው ዜና ላይ ሰነዱን ማን እንደሰጠ አንድም ቃል አልነበረም።

ሳቁ ብዙ አልቆየም። በጠራራ ፀሐይ መጥተው ወሰዱት። የደንበኞቹን ሬዲዮዎች ጫኑ፤ ደብተሮቹንም ጫኑ።

ምርመራው ላይ የሆነውን ዛሬ ከእሱው አፍ ነው የሰማሁት። መርማሪው ደብተሩን ገልጦ፦

“እነዚህ ሁሉ ግብረ አበሮችህ ናቸው?” ይለዋል።

“ጋዜጠኞች ናቸው።”

“አድራሻቸው የት ነው?”

“መቃብር።”

“አታላግጥ!”

“ወላሂ አላላገጥኩም። ሁሉም ተገድለዋል።”

“ማን ገደላቸው?”

“እኔም የምጠይቀው እሱን ነው።”

ለዚህ መልስ ነው ጥፊው የመጣው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግራ ጆሮው አይሰማም። ሬዲዮ ጠጋኝ፣ አንድ ጆሮ።

ከእሱ የሚፈልጉት ግን አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ቃለ ጉባኤውን የሰጠው ሰው ስም። “ዛሬ ንገረን፣ ዛሬውኑ ቤትህ ትገባለህ” ይሉታል። ነገም እንዲሁ። ከነገ ወዲያም እንዲሁ።

በዚያው ሰሞን ሰንበቴ ገበያ ከአብዶ ጋር ተገናኘን።

“ጎረቤትሽ ሰጠ?” አለኝ፣ ሰላምታውንም ሳይጨርስ።

“እስካሁን አልሰጠም አሉ።”

“ማን አለ?”

“እናቱ።”

“ሳምንት አይቆይም። አንዴ የለመደ አፍ ነው። አንድ ምስኪን አሁን ቤቱ ቁጭ ብሎ በር በተንኳኳ ቁጥር ነፍሱ ትወጣለች። እኔን ጠይቂኝ፣ አውቀዋለሁ።”

እውነቱን ልናገርና እኔም በሆዴ ፈርቼ ነበር። ሙሀመድኑር ደግ ነው፤ ጀግና ነው ብዬ ግን አስቤው አላውቅም። መርፌ ሲወጋው የሚጮህ ሰው ነው።

እናቱ ስንቅ ስታደርስ አንድ ቀን አብሬያት ሄድኩ። ይህን አይቻለሁ። በሽቦው ወዲያ ማዶ ቆሞ ሲያያት ፈገግ አለ።

“ልጄ” አለችው ፋጡሜ፣ “ያ ሰው ወልዶሃል? አጥብቶሃል? ስሙን ጣልላቸውና ቤትህ ግባ።”

“እማ፣ በወዲህኛው በኩል ዞረሽ ንገሪኝ፤ በዚያኛው አይሰማኝም።”

ጆሮው መሞቱን ያወቀችው ያን ጊዜ ነው። ሽቦውን ይዛ በቀኙ በኩል ዞረች፣ ያንኑ ቃል ደገመችው።

“እማ፣ አብዶ ታስሮ ሳለ እናቱን መንገድ ላይ ስታገኚያት ምን ትልሽ ነበር?”

“ምንም አትለኝ። ፊቷን ታዞርብኝ ነበር።”

“ታዲያ ሌላ እናት ትጨመር?”

ፋጡሜ የስንቁን ሳህን ወደ እሱ ገፋች። “ብላ” አለችው፤ “ሽሮው ይቀዘቅዛል።” ስለ ስሙ ሁለተኛ አላነሳችም። ስንመለስ መንገዱን ሁሉ መስኮቱን ነበር የምታየው።

ሐሰተኛ ወሬ አሰራጭተሃል ተብሎ ሦስት ዓመት ተፈረደበት፤ በአመክሮ ነው ዛሬ የወጣው። እንዲህ ፈንድቄ ስጽፍ ሁሉም ነገር ደህና ነው እንዳትሉ። ጋዜጣው ተዘግቷል፤ አዘጋጁ ከአገር ወጥቷል። ሜዳው ታጥሯል። ሱቁ ውስጥ ሌላ ሰው የሞባይል ሽፋን ይሸጥበታል። ደብተሮቹ አልተመለሱም። “ሁለተኛ እንዳትጽፍ” የሚል ማስጠንቀቂያም ፈርሞ ነው የወጣው። ከመናኸሪያ ቤቱ እስክንደርስ ሦስት ጊዜ ወደ ኋላው ሲዞር አይቼዋለሁ። ሰላም የሚሉት ሰዎችም ነበሩ፤ አይተው መንገድ የቀየሩም ነበሩ።

ፋጡሜ ግን ደጃፉ ላይ ከላይ እስከ ታች አየችውና፣ “ከስተህ ነው ወይስ ሱሪው ነው የሰፋው? ሰዒዳ፣ ይህን ሱሪ አጥብቢለት!” አለች። ከዚያ ነው ያለቀሰችው።

ወገቡን ልለካ ስል ከኪሱ አንድ የታጠፈ ወረቀት አወጣ። የፍርዱ ግልባጭ ነው። ጣቱን አንድ መስመር ላይ አሳርፎ “አንብቢያት” አለኝ። ጮክ ብዬ አነበብኳት፦ “ሰነዱን ለተከሳሹ የሰጠው ግለሰብ ማንነት ሊታወቅ አልቻለም።”

“በሕይወቴ ከወጣልኝ ዜና ሁሉ ይቺ ትበልጥብኛለች” አለ።

የቅድሙ የምሥራች ይህ ነው! አልሰጠም! በሁለት ዓመት ከአራት ወር አንዲት ቀን እንኳ አልሰጠም!

“ለእኔስ አትነግረኝም? ማን ነበር?” አልኩት፣ ልፈትነው ብዬ።

“ሰዒዳ፣ በግራ በኩል ነው መሰለኝ የምታወሪው። ምንም አልሰማሁሽም።”

ቆሜ የነበርኩት በቀኙ በኩል ነው። ሦስታችንም ሳቅን። ሰውየው ማን እንደሆነ አላውቅም፤ ባውቅም አልጽፈውም ነበር። ዛሬ የዚያ ሰው በር ቢንኳኳ ጎረቤት እሳት ሊጭር መጥቶ ነው።

ሳቃችን ሲበርድ ሙሀመድኑር መሬት መሬት እያየ፣ “አብዶ ሰምቶ ይሆን?” አለ።

እኔ መስመሯን በስፌት መለኪያ ወረቀቴ ላይ ገለበጥኳት። በስልክ ይነገረው ብትሉኝ፣ ይህ በስልክ የሚነገር አይደለም። ቁጭ ተብሎ፣ ያየሁትን አየሁ፣ የሰማሁትን ከእገሌ ሰማሁ ተብሎ ነው የሚነገረው። አብዶ “ማን አለ?” ማለቱ አይቀርም። ይህን ጊዜ ወረቀቷን አወጣለታለሁ፤ ስሙ እንደተመለሰለት በዓይኑ ያንብባት።

ሱሪው ግማሹ ተሰፍቶ የስፌት መኪናዬ ላይ ተቀምጧል፤ ይቆየው፣ ዛሬ የትም አይሄድም። ከመንገድ ማዶ ሚኒባሱ ጥሩንባውን እየነፋ “ጨፋ ሮቢት፣ አንድ ሰው የቀረው!” ይላል። ቆይ፣ እንዳትሄድ! አንዱ ሰው እኔ ነኝ!