በርበሬ የሚሰጣበት ጣሪያ

ቡታጅራ ገበያ ዳር፣ ከአውቶቡስ ማቆሚያው ትንሽ ወረድ ብሎ፣ ሶሌታ ጣሪያ ያለው ቤት ለግለሰብ መጀመሪያ የሠራሁት እኔ ነኝ። ይህን ሲሰሙ የሚያደንቁኝ ሰዎች አሉ። እባካችሁ አታድንቁኝ። መጀመሪያ ታሪኩን ስሙት።

ሶሌታ ማለት ብረት ተዘርግቶ፣ ሲሚንቶና አሸዋ ከጠጠር ጋር ተቦክቶ የሚፈስበት ለጥ ያለ ጣሪያ ነው። ስሙም ሙያውም ከጣሊያኖች የቀረ ነው። በዚያን ጊዜ፣ ንጉሡ ገና በዙፋናቸው ሳሉ፣ የእኛ አገር ቤት ወይ ሣር ወይ ቆርቆሮ ነበር የሚለብሰው። እኔ አዲስ አበባ ከአንድ ሽማግሌ ጣሊያን ግንበኛ ሥር አራት ዓመት ሠርቻለሁ። ሰውየው አማርኛው ስብርባሪ፣ ቁጣው ግን ሙሉ ነበር። ስለ ጣሪያ ያስተማረኝ አንድ ነገር ነው፤ ውሃ እንግዳ ነው፣ በር ካሳየኸው ይሄዳል፣ ካላሳየኸው ቤትህ ያድራል ይል ነበር። ስለዚህ ለጥ ያለ የሚባለው ጣሪያም ቢሆን እውነት ለጥ ማለት የለበትም። በየሜትሩ አንድ ጣት ያህል ዝቅ እያለ ወደ መውረጃው ማዘንበል አለበት።

ይህን አውቅ ነበር። አላወቅሁም ብዬ የማመካኝበት መንገድ የለኝም።

አጎቴ የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። አባቴ ከሞተ በኋላ ያሳደጉኝም፣ አዲስ አበባ ልከው ሙያ ያስያዙኝም እሳቸው ናቸው። ከእንሴኖ ገበያና ከማረቆ በርበሬ እየገዙ በጭነት መኪና አዲስ አበባ የሚልኩ ነጋዴ ነበሩ። በርበሬ ደግሞ መድረቅ አለበት። መሬት ላይ ሲሰጣ ዶሮ ይጭረዋል፣ ፍየል ይረግጠዋል፣ መኪና ባለፈ ቁጥር አቧራ ይለብሳል። ስለዚህ አጎቴ ቤት ሥራልኝ ሲሉኝ ከቤቱ ይልቅ የፈለጉት ጣሪያውን ነበር። በርበሬያቸውን ከፍየልና ከዶሮ በላይ ሊያሰጡ፣ አላፊ አግዳሚው ቀና ብሎ ያን ቀይ ጣሪያ እንዲያይላቸው።

ሥራው ላይ ውሃ ልኬን አንስተው እያገላበጡ አዩት። በመስተዋቱ ውስጥ ያለችው አረፋ መሃል ስትቆም ልክ ነው ማለት መሆኑን ነገርኳቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሚዛን የያዙ ሰው ናቸውና ደስ አላቸው። ከዚያ በኋላ በየቀኑ ወጥተው ውሃ ልኩን ሲሚንቶው በሚፈስበት የጣሪያው ጣውላ ላይ ያስቀምጡ ጀመር። እኔ ወደ መውረጃው ዝቅ ያደረግሁት ቦታ ላይ አረፋዋ ወደ ጎን ስትሸሽ ፊታቸው ጠቆረ። የተዛባ ሚዛን ይዞ ገበያ የወጣ ሰው ያዩ ያህል ነው የተመለከቱኝ። አስተካክል አሉኝ። ሳቅሁና ማዘንበያውን አጥፍቼ አስተካከልሁ። ያሳደገኝን ሰው እምቢ ማለት ከበደኝ ብል ግማሽ እውነት ነው። ሌላው ግማሽ፣ መሟገቱ ሥራዬን ያዘገይብኝ ነበር።

ከዚህ የባሰም አለ። ብረቱ ከሥሩ ትናንሽ ድንጋይ እየተደረገለት ከጣውላው ከፍ ማለት ነበረበት፤ ሲሚንቶው ከበታቹም አልብሶት ከዝገት እንዲጠብቀው። የበልግ ደመና እየከበደ ነበርና ቸኮልሁ። ብረቱን እንዲሁ ጣውላው ላይ አንጥፌ ሲሚንቶውን ለቀቅሁበት። ማንም አላየኝም። ቢያይም የሚያውቅ አልነበረም። ጣውላው የተነሳ ዕለት አፌን ሞልቼ፣ አሥር ክረምት ቢወርድበት አይነካውም አልኩ።

አንድ ክረምት በቃው። በመስቀል ከአዲስ አበባ ስመለስ ሳሎኑ ጥግ ላይ ቡናማ እድፍ ነበር። አጎቴ ግን አልተጨነቁም፤ ከላይ ሲሚንቶ አስለስነው ጨርሰው ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ጭድ የተቦካበት ቀይ አፈር አስደረቡበት። በሦስተኛው መንገድ ከሚሠሩ ሰዎች ሬንጅ ለምነው፣ አቅልጠው አስቀቡት። ያን ዓመት በርበሬው ሬንጅ ሬንጅ ስለሸተተ ከሥሩ ሰሌን ማንጠፍ ግድ ሆነ። የበርበሬው ቅንጣቢና ፍሬ ደግሞ ያለችውን አንዲት የውሃ መውረጃ በየጊዜው ይደፍናታል።

ሞኝ አልነበሩም። የሣር ቤት ልማድ ነው። በእኛ ቀዬ የጎጆ ክዳን ሲሳሳ አሮጌው አይነሳም፤ አዲስ ሣር ይደረብበታል። ክዳኑ በወፈረ ቁጥር ቤቱ ይሞቃል፣ ባለቤቱም ይከበራል። ሣር ላይ ሣር ብትደርብ ውሃው ተንሸራቶ ይሄዳል። ሶሌታ ላይ አፈር ብትደርብ ግን ውሃው አፈሩ ውስጥ ይተኛል፣ ክብደቱም ቤቱ አናት ላይ ይቀራል። ይህን መናገር የነበረብኝ እኔ ነኝ። ብናገር ግን መጀመሪያውኑ ለምን አፈሰሰ ተብዬ ልጠየቅ ነው። ስለዚህ በየመስቀሉ ቀና ብዬ አያለሁ፣ ደህና ነው እላለሁ፣ ክትፎዬን እበላለሁ፣ አዲስ አበባ እመለሳለሁ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባላል።

በአራተኛው ዓመት ለበዓሉ ሁለት ቀን ሲቀረው ስደርስ የአጎቴ ሚስት ከበር ላይ ጎትተው ወደ ጓሮ ወሰዱኝ። ከነሐሴ ጀምሮ የሚያድሩት ጓሮ ባለው አሮጌው ጎጆ ውስጥ ነው። ጣሪያው እንደ ሰው ያቃስታል አሉኝ፤ አጎትህ ግን ጆሮ ዳባ ልበስ ብለዋል። ከዚያ ገባሁና አየሁት። ሳሎኑ መሃል የባሕር ዛፍ ግንድ ቆሟል። አጎቴ በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉትና የአባቶቻችን ቤት ያለ ምሰሶ ቆሞ ያውቃል ወይ ብለው ጠየቁኝ። ፊታቸው ላይ ኩራት ነበረ።

መሰላል አስደግፌ ወጣሁ። ከዘነበ ሁለት ቀን ሆኖታል፣ ውሃው ግን ከነሰማዩ መሃሉ ላይ ተኝቷል። ሬንጁ በተሰነጠቀበት፣ ቀዩ አፈር ብቅ ባለበት ቦታ ሁሉ ለምለም የበርበሬ ቡቃያ በቅሏል። ይህን ከላይ ስነግራቸው አጎቴ ከታች ሆነው ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። በመሮ ወደ ታች ቆፈርሁ፤ ከሬንጁ እስከ እኔ ሶሌታ ድረስ ከአንድ ስንዝር በላይ የራሰ ጭቃና ሲሚንቶ ነበር። ጤነኛ ሶሌታ በመዶሻ ሲመታ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል። የእኔው እንደ ባዶ ቅል መለሰልኝ።

ወርጄ ከሥር ስመለከት ደግሞ የባሰ ነበር። ኖራው ተልጦ፣ ብረቱ ባለበት ሁሉ ቀጥ ያለ የዝገት መስመር ወጥቷል። የዘረጋኋቸውን ብረቶች አንድ በአንድ መቁጠር ይቻል ነበር። ያን ቀን ማንም አላየኝም ያልኩት ሥራ ጣሪያው ላይ ተጽፎ ቆየኝ። የሚያፈስ ጣሪያ ይጠገናል፤ ስንጥቁ ይደፈናል፣ መውረጃው ይጠረጋል። መሃሉ የጎበጠና ብረቱ የበሰበሰ ጣሪያ ግን አይጠገንም። ይወርዳል፤ ወይ አንተ ታወርደዋለህ፣ ወይ እሱ ራሱ ቀን መርጦ ይወርዳል።

በበዓሉ ቀን ደግሞ ከአዲስ አበባና ከየገጠሩ የሚመጡ አርባ ያህል ዘመዶች የሚቀመጡት ከዚህ ጣሪያ ሥር ነበር።

ለአጎቴ ለብቻቸው ነገርኳቸው። ሰው አይግባበት፣ ዝናብ አበላሽቶታል አልኩ። ለመስቀል ቤት ይሠራል እንጂ አይፈርስም አሉኝ። ቀጥለውም ዝናብ የሁሉንም ቤት ይመታል፣ የእኔ ምን ለየው አሉ። ለዚህ መልስ ነበረኝ። መልሱ እኔ ስለሆንሁ ዋጥሁት። በዚያች ከተማ ግንበኛ ያለው ሀብት ስሙ ብቻ ነው፤ እኔም ስሜን ከአርባ ሰው ጋር በሚዛን አስቀምጬ አንድ ቀን ሙሉ ዞርሁ። ዛሬም ያን ቀን ሳስበው ያሳፍረኛል።

በበዓሉ ጠዋት እንግዶች ነጭ በነጭ ለብሰው ግቢው ውስጥ ሞሉ። በምሰሶው ዙሪያ ትኩስ የእንሰት ቅጠል ተነጥፏል። ሽማግሌዎች ሊገቡ በዕድሜያቸው ተራ ሲይዙ ካፊያ ጀመረ። ጣሪያው ላይ የሚያርፈው እያንዳንዱ ጠብታ ሲከብድ ታወቀኝ። ምን እንደማደርግ ሳላስብ በሩ ላይ ሄጄ ሁለቱን መቃኖች በእጆቼ ያዝሁ። አይገባም አልኩ። አንድ ሽማግሌ ይህ ልጅ ሳይቀመጥ ጠጣ እንዴ አሉ፤ ሌሎች አጉረመረሙ። እኔም ጣሪያው አያስተማምንም እያልሁ ደጋገምሁ።

አጎቴ በክንዴ ሥር አልፈው ገቡ። ዱካቸውን፣ ያችን ዝቅተኛ በርጩማ፣ ምሰሶው አጠገብ አስቀምጠው ተቀመጡ።

«ና» አሉኝ። «የሠራኸው አንተ ነህ። እዚህ አጠገቤ ተቀመጥና አይገባም በለኝ።»

ገባሁ። አጠገባቸው ተቀመጥሁ። ከላይ እንደ ዱቄት የላመ ነገር ጋቢያቸው ትከሻ ላይ ረገፈ፤ እሳቸውም አላራገፉትም። ምሰሶው በጣም ቀስ ያለ ድምፅ አሰማ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ዝናብ አትበለኝ፣ እውነቱን ንገረኝ አሉ። ነገርኳቸው። ውሃው ማዘንበያ እንደሚያስፈልገው አውቄ ዝም ማለቴን፣ ብረቱን ቸኩዬ ጣውላው ላይ ማንጠፌን፣ በየዓመቱ ደህና ነው እያልሁ መብላቴን። ስናገር አንድ ጊዜ እንኳ ቀና ብዬ አላየኋቸውም።

«ሰው ይሞታል?»

«ይሞታል፣ ጋሼ።»

ከዚያ ተነስተው ዱካቸውን ራሳቸው ተሸክመው ወጡ። እኔም ከኋላቸው ሆኜ፣ አሁን በሰው ፊት ሊያዋርዱኝ ነው ብዬ ተዘጋጀሁ። ይገባኝ ነበር። አጎቴ በሩ ላይ ቆመው ጮክ አሉ።

«ጥፋቱ የእኔ ነው። በርበሬ ላሰጣበት ብዬ በግድ ለጥ አስደረግሁት። ልጁ አይሆንም ብሎኝ ነበር፤ እኔ ነኝ ያልሰማሁት።»

አይሆንም ብያቸው አላውቅም። አርባው ሰው ግን ወደ እኔ ዞሮ አየ፤ በሩ ላይ ጠጣ እንዴ ያሉት ሽማግሌ ትከሻዬን መታ አደረጉና ጎሽ አሉኝ። እኔም አንገቴን ደፋሁ። ሰዉ ትሕትና መሰለው። ከዚያ ሁላችንም ጓሮ ሄደን አሮጌው ጎጆ ውስጥ ተጠጋግተን ተቀመጥን። ክትፎዬን ሳልነካ ቀረሁ። አጎቴ ቆጮ እየቆረሱ ያቀርቡልኝና ብላ እንጂ ይሉኝ ነበር።

በዓሉ ባለፈ በአራተኛው ቀን ልናፈርሰው ጀመርን። ሠራተኞቹን ውጭ አስቁሜ መጀመሪያ እኔ ከግድግዳው ጠርዝ ላይ ሆኜ መዶሻ አነሳሁ። በሦስተኛው ምት መሃሉ በአንድ ጊዜ ወረደ። የባሕር ዛፉ ምሰሶ ለሁለት ተሰበረ። አቧራው ሲበን አጎቴ ፍርስራሹ ላይ ወጥተው በእግራቸው ገለጥ ገለጥ አደረጉ። ከሥሩ ለእንግዶቹ የተነጠፈው የእንሰት ቅጠል ተጨፍልቆ ይታይ ነበር። ለረጅም ጊዜ አዩትና ወደ ሱቃቸው ሄዱ።

ቤቱን ጥሩ አዘንብዬ ቆርቆሮ አለበስሁት። በርበሬው ወደ መሬት፣ ወደ ዶሮና ወደ ፍየል ተመለሰ። አጎቴ ስለዚያ ነገር ለብቻችን ስንሆን እንኳ ዳግመኛ አላነሱብኝም። ቢቆጡኝ ይቀለኝ ነበር።

አጎቴ ያረፉት ንጉሡ ከመውረዳቸው ጥቂት ቀደም ብሎ ነው። ለቅሶው ላይ እኚያው ትከሻዬን የመቱት ሽማግሌ የሟችን ደግነት ሲያወሱ ወደ እኔ እየጠቆሙ ያን ታሪክ ለሰዉ ሁሉ ተናገሩ። ይህ ልጅ አይሆንም ብሏቸው ነበር፤ እሳቸውም በሰው ፊት ጥፋታቸውን አመኑ፤ እንዲህ ያለ ግንበኛና እንዲህ ያለ ሰው ከየት ይገኛል አሉ። ከዚህ በላይ መሸከም አልቻልሁም። ልናገር ተነሳሁ። የአጎቴ ሚስት ከተቀመጡበት እጃቸውን ዘርግተው የኮቴን ጫፍ ያዙ። ለካ አጎቴ ሁሉንም ነግረዋቸው ነበር።

«ተው ልጄ» አሉኝ በቀስታ። «እሳቸው ያሉትን አንተ አትለውጥባቸው።»

ተቀመጥሁ። ከለቅሶው ስወጣ አንድ የማላውቀው ሰው መንገድ ላይ ተከትሎ ደረሰብኝ። ቤት ሊሠራ አስቧል፤ እውነቱን የሚናገር ግንበኛ ሲፈልግ ቆይቷል። መቼ መጀመር እንደምችል ጠየቀኝ። ከጥቅምት በኋላ፣ ዝናቡ ጨርሶ ሲያባራ፣ አልኩት።