የማግኔት ውሃና የቲሟ ጣሳ

እህቴ ዘጠኝ ዓመት ከሠራችበት አረብ አገር ስትመለስ ሻንጣዋ ውስጥ በወፍራም ካልሲ የተጠቀለለ ከባድ ነገር ነበር። እናቴ ወርቅ ነው ብላ ጠረጠረች፤ እኔ ስልክ ነው አልኩ። ካልሲው ሲፈታ ሁለት ጥቋቁር ማግኔቶች ወጡ። እርስ በርስ ተጣብቀው ነበርና ላላቅቃቸው ስታገል ጣቴን ቆነጠጡኝ። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ቂም ያዝኩባቸው።

«ይሄ ደግሞ ምን ያደርጋል?» አልኳት።

«ውሃ ያክማል» አለች።

«ውሃው ምን አሞት?»

እናቴ ሳቀች፤ እህቴ ግን አልሳቀችም። ቁጭ ብላ አስረዳችኝ። የምትሠራበት ቤት ሳሎን በቅጠላ ቅጠል የተሞላ ነበር። ማዳሟ የቧንቧ ውሃ በጆግ ታስቀዳና ማግኔቶቹን ከጆጉ ግራና ቀኝ በላስቲክ ታስራቸዋለች። ውሃው ከዙሁር እስከ አስር ሶላት፣ ከቀትር እስከ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ግድም፣ እንደዚያ ቆይቶ ነው ለተክሎቹ የሚሰጠው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የምታጠጣው እህቴ ነበረች። ተክሎቹ አድገው መጋረጃውን አልፈው ጣራ ነኩ። ስለዚህ አመነች፤ ስትመጣ ማዳሟ ማግኔቶቹን ሰጠቻት።

እኔ እዚሁ መካነ ሰላም ከተማ ውስጥ ፊዚክስ አስተምራለሁ። እንዲህ ያለ ነገር ስሰማ ዝም ማለት አልችልበትም፤ ደሜ ይፈላል። «ማግኔት የሚስበው ብረት ነው። ውሃ ብረት አይደለም። በቃ» አልኳት፣ ጥያቄ ለሳተ ተማሪ በምናገርበት ድምፅ። እሷም ማግኔቶቹን በካልሲያቸው ጠቅልላ አስቀመጠቻቸው። ምነው ያኔ አፌን በቆረጠው እላለሁ አሁን።

እህቴ ከመጣች ወዲህ ከቤት መውጣት አልሆንላት ብሎ ነበር። ጓደኞቿ ተድረዋል፤ የምታውቀው ሰፈር በአዳዲስ ቤት ተሞልቷል። ማዳሟ የምትጠራት ይመስል ገና ሳይነጋ ትነሳና የተጠረገውን ቤት መልሳ ትጠርጋለች። እናቴ «አብሽሪ ልጄ፣ ሁሉም ይለመዳል» ትላታለች። ደሴ ያለ አንድ ደላላ ደግሞ አረብ አገር ሌላ የምትሠሪበት ቤት አግኝቼልሻለሁ እያለ ይደውልላታል፤ መልሷን እስከ ወሩ መጨረሻ ይፈልጋል። ስልኩ ሲጠራ እኔና እናቴ የምንሠራውን ትተን ዓይን ዓይኗን እናያለን፤ የምንናገረው ግን የለም።

አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ በር ላይ ጠበቀችኝ። በሁለት እጇ ሁለት የወተት ዱቄት ጣሳ ይዛለች። ደሴ ስታልፍ ከገዛቻት፣ ቅጠሏ ልብ ከምትመስል የቤት ተክል ሁለት ቅርንጫፍ ቆርጣ ተክላበታለች።

«አንቱ መምህር» አለችኝ፣ ስትቀልድብኝ አንቱ ነው የምትለኝ፤ «ብረት አይደለም ብለህ አትለፈኝ። ፈትነው።»

«ቢሠራስ ምን ልትሆኚ?»

«ከሠራ እቀራለሁ። እዚሁ በር ላይ የቤት አበባ እያሳደግኩ እሸጣለሁ። ለሰርግ፣ ለቢሮ፣ ለናንተ ለመምህራን ሳሎን። እዚህ አገር ይሄን የሚያውቅ ሰው የለም፤ እኔ ግን አውቃለሁ።» ጣሳዎቹን በሩ ስር አስቀመጠች። «ካልሠራ ግን ዘጠኝ ዓመት ወለል ከመወልወል በቀር የተማርኩት የለም ማለት ነው። እሄድና እወለውላለሁ።»

አመሌ አይለቀኝምና ወዲያው ደብተርና ማስመሪያ አወጣሁ። እዚህ አገር የቧንቧ ውሃ ሲመጣ በጀሪካን ነው የምናጠራቅመው፤ ውሃው ክሎሪን ክሎሪን ይሸታል፣ ቅዝቃዜው ደግሞ ጥርስ ያጠዘጥዛል። ጆግ ውስጥ ሲቆይ ሽታውም ይሄዳል፣ ቅዝቃዜውም ይሰበራል። እንግዲህ የማዳሟን ተክሎች የጠቀማቸው ማግኔቱ ሳይሆን የውሃው ማረፍ ቢሆንስ? ይህን ለመለየት ሁለት ጆግ አዘጋጀሁ። በአንደኛው ማግኔቶቹን፣ በሁለተኛው እነሱን የሚያህሉ ሁለት ጠጠሮች አሰርኩ። ሁለቱም አንድ መስኮት ላይ እኩል ሰዓት ይቆያሉ፤ ሁለቱም ተክሎች እኩል ስኒ ይጠጣሉ። በሥራዬ በጣም ኮራሁ።

እናቴ ጠጠር የታሰረበትን ጆግ ግራ ቀኝ አገላብጣ አየችው። «ከዚህ የምትጠጣዋስ? ለሷ ምን ታሰረላት?»

«ለሷ ጠጠር ብቻ። እሷ ማነጻጸሪያ ናት።»

«የቲም ናታ!» አለች እናቴ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የዚያች ተክል ስም የቲሟ ሆነ። ወላጅ እንደሌላት ልጅ ማለቷ ነው። እኔም ሳላስበው ደብተሬ ላይ «የቲሟ፦ ሦስት ቅጠል» ብዬ ጽፌ አገኘሁት።

አንድ ቅዳሜ ከገበያ ቀድሜ ተመለስኩና እናቴን መስኮቱ ስር አገኘኋት። የማግኔቱን ጆግ ይዛ «ቢስሚላህ፣ ጠጪ የኔ እናት» እያለች ለየቲሟ ታጠጣታለች።

«እማ! ምን እየሠራሽ ነው?»

«ምን ሠራሁ?»

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከመጀመሪያው ቀን» አለች፣ ቅንጣት ሳታፍር። «እህቷ የታከመ ውሃ እየጠጣች እሷ ጠጠር የታሰረበትን? ወላሂ ሐራም ነው።»

«ሙከራ ነው እኮ! ተክል ናት እኮ!»

«የቲም የቲም ናት። ከአንድ ግንድ ቆርጣችሁ አንዷን አጠጥታችሁ አንዷን ስትከለክሉ ነገ አላህ ፊት የምጠየቀው እኔ ነኝ፤ ቤቱ የኔ ነው።»

ጮህኩ። የደብተሩን ገጽ ቀድጄ ጣልኩት። እናቴ በነጠላዋ ጫፍ የየቲሟን ቅጠል አቧራ እየጠረገች እስክጨርስ ጠበቀችኝ። እኔና እህቴም ከአንድ ግንድ ነን። እሷ ከስምንተኛ ክፍል ወጥታ ሄደች፤ እኔ በሷ ላብ ተምሬ መምህር ሆንኩ። እናቴ ስለ ጣሳ ብቻ እየተናገረች እንዳልነበረ የገባኝ ዘግይቶ ነው።

ለወሩ መጨረሻ ሦስት ሳምንት ሲቀረን እንደ አዲስ ጀመርን። ጆጎቹንም ጣሳዎቹንም እኔ ክፍል አስገብቼ ቁልፉን ኪሴ ከተትኩ። እናቴ ለሁለት ቀን አኮረፈችኝ፤ በሦስተኛው ቀን በኔ በኩል ለየቲሟ ሰላምታ ላከችላት። እህቴ ግን ጠዋት ጠዋት በሩን ታንኳኳለች። በማስመሪያ አታምንም፤ በጣቷ ነው የምትለካው።

«እኩል ናቸው አይደል?» ትለኛለች።

«ገና ነው፣ አትቸኩይ።»

በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻም እኩል ነበሩ። የጥፍር ያህል እንኳ ልዩነት የለም። የዚያን ቀን ከሥራ ስመለስ ፓስፖርቷን ከሻንጣ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣው አየሁ።

በነጋታው ጎረቤታችን ወዳለ ገበሬ ሄድኩና ትንሽ ዩሪያ ማዳበሪያ እንዲሰጠኝ ለመንኩት።

«ስንት ጥማድ ነው የምትዘራው?» አለኝ።

«ጥማድ አይደለም፤ አንድ ጣሳ ነው።»

ቆሞ አየኝ። ከዚያ በፌስታል ቋጥሮ ሰጠኝና «አላህ ምርቱን ያብዛልህ» ብሎ መረቀኝ። ሚስቱ ጓዳ ሆና ስትስቅ ይሰማኛል።

ተማሪዎቼን «ውጤት የሚነካካ ሰው ሌባ ነው» እላቸዋለሁ። ዓመት በመጣ ቁጥር ነው የምለው። ያን ዩሪያ በማንኪያ እየለካሁ የማግኔት ውሃ ወደሚጠጣው ጣሳ ስጨምር ግን ራሴን ሌባ አላልኩም። እህቴ እንድትቀር የፈለግኩትን ያህል እውነቱን አልፈለግኩትም ነበር። አንድ ማንኪያ ጨመርኩ። ጊዜው አጭር ነው ብዬ ሌላ ደገምኩ።

ቅንድብ ላስተካክል ብሎ ዓይን ማጥፋት ማለት ይህ ነው። በአራተኛው ቀን የቅጠሎቹ ጠርዝ ቡናማ ሆነ። በስድስተኛው ቀን ተክሏ አንገቷን ደፋች። የቲሟ ደግሞ አጠገቧ ሆና አዲስ ቅጠል ትፈታለች። ለካ ማዳበሪያ ለእርሻ በሚታሰብበት ልክ ለጣሳ አይታሰብም፤ ይህን ማንም ገበሬ ያውቀዋል። የማያውቀው መምህሩ ብቻ ነው።

ከዩሪያው ወዲህ «ውጤቱን በመጨረሻው ቀን እናያለን» እያልኩ እህቴን አላስገባኋትም ነበር፤ የገባችው የወሩ መጨረሻ ቀን ጠዋት ነው። ብዙ ቆማ አየቻት። የተቃጠለውን ቅጠል በጣቷ ስትነካው ረገፈ።

«ማግኔቱ ነው የገደላት» አለች ቀስ ብላ። «እዚያም ያሳደጋቸው ሌላ ነገር ነው። እኔ ምንም የማውቀው የለም።»

«እታለም...»

«ደላላው ከአስር ሶላት በኋላ ይደውላል። እሺ እለዋለሁ።»

ወደ ክፍሏ ገብታ ልብሷን ታጣጥፍ ጀመር። የምታጣጥፈው ፈጥና ነው፤ ለብዙ ጊዜ የተለማመደችው ነገር እንደሆነ ያስታውቃል። በሩ ላይ ቆሜ አየኋት። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ፈርቼ አላውቅም፤ ብናገር ትንቀኛለች፣ ዝም ብል ደግሞ በኔ ውሸት ትሄዳለች።

«እታለም፣ አውፍ በይኝ፣ ይቅር በይኝ» አልኳት። «ማግኔቱ አይደለም። እኔ ነኝ የገደልኳት። ዩሪያ ጨመርኩባት።»

ቀና አለች። «ምን አልክ?»

«ዩሪያ። እንድትበልጥ ብዬ።»

«ምን ያህል?»

«ሁለት ማንኪያ።»

«ሁለት ማንኪያ! ለዚያች ጣሳ! ያረቢ!» ብላ ድንገት ሳቀች። እንባዋ እስኪወርድ ነው የሳቀችው፤ ከመጣች ወዲህ እንደዚያ ስትስቅ ሰምቻት አላውቅም። «አንቱ ፊዚክስ! የተማራችሁት ይሄን ነው?»

«ይሄንኑ ነው» አልኩ። እናቴ ሳቁን ሰምታ ከጓዳ መጣችና ከኋላዬ ቆመች።

«እና ማግኔቱስ? ይሠራል ወይስ አይሠራም?»

«አላውቅም። መጀመሪያ እማ ለሁለቱም አጠጣቻቸው፤ ቀጥሎ እኔ አንዷን አቃጠልኳት። ከዚህ ቤት የሚወጣ ማስረጃ የለም። አጠጣጡን ግን ታውቂበታለሽ፤ ያን ያህል ዘመን ተክል ያሳደገ እጅ ማግኔት አያስፈልገውም።»

ሳቋ ቆመ። ያጠፈችውን ልብስ ጭኗ ላይ አስቀመጠችና ዓይኔን አየችኝ።

«ለምን ነው ግን እንድትበልጥ የፈለግከው?»

«እንድትቀሪ ነዋ።»

«ዘጠኝ ዓመት በስልክ አዋርታችሁኛል» አለች። «ሙቀቱ እንዴት ነው ትሉኛላችሁ። ማዳምሽ ደህና ናት ወይ ትሉኛላችሁ። አላህ ይጠብቅሽ ትሉኛላችሁ። አንድ ቀን ነይ ያለኝ የለም። ስመጣም ሁላችሁም ስልኬን ነው የምታዩት፤ ቅሪ ያለኝ የለም። ከሰው ቤት ዩሪያ መለመን ቀለለህ?»

ልክ ነበረች። እኔ ምን መብት አለኝ ብዬ ነበር ዝም ያልኩት፤ እናቴም ልጄ ፊት ምን አፍ አለኝ ብላ። ሁለታችንም ዝምታችንን አክብሮት አድርገን ቆጥረነዋል።

«ቅሪ እታለም» አልኳት።

እናቴ ከኋላዬ ሆና ቃሉን ለመጨረስ ሦስት ጊዜ ሞከረች። «ቅሪልኝ» አለች በመጨረሻ። «ሥራ ኖረም አልኖረም ቅሪልኝ ልጄ።»

ከአስር ሶላት በኋላ ስልኩ ጠራ። እህቴ እዚያው በተቀመጠችበት አነሳችው። ደላላው ፈጠን ፈጠን እያለ ስለ ቤቱ ያወራል፤ ድምፁ እኛ ጋ ድረስ ይሰማል። እስኪጨርስ ጠበቀችው። ከዚያ እኛን ሳታይ፣ ሠፈር ሙሉ እንዲሰማት የፈለገች ይመስል ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፦

«አልሄድም። ቤተሰቦቼ ቅሪ ብለውኛል» አለችው።